ፋይሉ ደንገጎን ሲወርድ ምን ነካው?

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች ከግማሽ በላይ ስለ ፎንት ስለሆኑ ዛሬ ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ድሬ ላይ አንቱታ ስለማይሆንልን ሁላችሁንም አንተ አንቺ እያልኩ ነው የምመልሰው፣ ከሌላ አገር ሆናችሁ የምታነቡ ቅር እንዳትሰኙ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው አቦ? ከዚራ አካባቢ የሰርግ ካርድና ባነር የምንሰራበት ትንሽ ቤት አለችን። ሐረር ያለ ደንበኛችን የጥሪ ወረቀቱን ፅሁፍ በወርድ ፅፎ በቴሌግራም ላከልን፣ ስንከፍተው አማርኛ የሚባል ነገር የለበትም፣ ዝም ብሎ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ደውለን ስንጠይቀው "እኔ ጋ አሪፍ ነው የሚታየው" አለ፣ ፎቶ አንስቶም ላከልን፣ እውነትም እሱ ጋ ልክ ነው። ፎንት ጫኑ አለን፣ አስራ አምስት የአማርኛ ፎንት ጫንን፣ ወይ ፍንክች! ሰርጉ ደርሷል፣ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ፋይሉ ከሐረር ወደ ድሬ ሲመጣ የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ ተበጠሰ በለኛ! አቦ አይዞህ፣ ፋይሉ ምንም አልሆነም። ግን አስራ አምስት ፎንት ከመጫንህ በፊት በሽታው የቱ እንደሆነ ማየት ነበረብህ፣ ምክንያቱም ሰው "አማርኛው ተበላሸ" ሲል ሶስት የተለያየ ነገር ነው የሚለው፣ መድሀኒታቸው ደግሞ አይገናኝም።

ፊደሉ ባለበት ቦታ ባዶ ሳጥን ከታየህ ፅሁፉ ጤነኛ ነው፣ ኮምፒውተሩ ፊደሉን የሚስልበት ፎንት ነው ያጣው፣ አንድ ደህና የአማርኛ ፎንት ስትጭን ይስተካከላል። የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ካየህ ግን እዘን፣ መንገድ ላይ አንድ ሶፍትዌር ወይ አንድ ዳታቤዝ ፊደሉን መያዝ አቅቶት በጥያቄ ምልክት ተክቶታል፣ ዋናው ፊደል ፋይሉ ውስጥ የለም፣ መቶ ፎንት ብትጭን አይመለስም፣ ከላኪው እንደገና ነው የሚመጣው። ሶስተኛው ያንተ ነው፣ የላቲን ዝብርቅርቅ።

ያንተ ደንበኛ ፋይል የቆየ ነው ወይም ደግሞ በቆየ ፎንት ነው የተፃፈው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፊደላችን ዩኒኮድ የሚባለው፣ ኮምፒውተር ሁሉ የሚስማማበት የፊደላት የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ ከዛ በፊት ኮምፒውተር ግዕዝ የሚባል ፊደል መኖሩንም አያውቅም ነበር፣ ስለዚህ የኛ ባለሙያዎች ብልሃት ፈጠሩ፣ የእንግሊዝኛው ፊደል የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የኛን ስለው አስገቡ። የድሮ ፎንት ደግሞ ቢበዛ 256 ቦታ ነው ያለው፣ የኛ ፊደል ከነዲቃላው ከነቁጥሩ እዛ አይበቃም፣ ስለዚህ አንዱን ገበታ ለሁለት ለሶስት ፎንት ቆራርጠው አካፈሉት፣ ሁሉም ድርጅት ደግሞ በየራሱ አቀማመጥ። የድሮዎቹ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በዚህ መንገድ ነው የሰሩት። እንግዲህ ደንበኛህ የላከልህ ፋይል ውስጥ ለኮምፒውተሩ አማርኛ የሚባል ነገር የለም፣ የአማርኛ ልብስ የለበሰ ላቲን ነው፣ ያ ልብስ አንተ ጋ ስለሌለ እርቃኑን ታየህ። አስራ አምስቱ ፎንትም ያልሰሩት ለዚህ ነው፣ እነሱ ዩኒኮድ ናቸው፣ የሚፈልገው ግን ያንኑ አንዱን የራሱን ፎንት ነው።

ጥርጣሬ ካለህ በሰከንድ የምትለይበት ዘዴ ልንገርህ፣ ሁሌም የምጠቀምባት ናት። ፅሁፉ በትክክል የሚታይበት ኮምፒውተር ላይ ምረጠውና ፎንቱን ወደ ኤሪያል ቀይረው። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀጠለ ዩኒኮድ ነው፣ ወደ ፈረንጅ ዝብርቅርቅ ከተቀየረ የድሮው ነው። በቃ።

መፍትሄው? ሰርጉ ከደረሰ ቴክኖሎጂውን ተወውና ከላከልህ ፎቶ ላይ እያየህ እንደገና ፃፈው! የሰርግ ጥሪ ስንት መስመር ሆኖ ነው፣ ከነ"ክቡራን እንግዶቻችን" ከነአዳራሹ ስም ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ረጅም ሰነድ ቢሆን ኖሮ ግን ደንበኛው ፅሁፉ ላይ ክሊክ አድርጎ ከላይ ያለውን የፎንት ስም እንዲነግርህ ታደርግና፣ ከዛ ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ትጠቀማለህ። ከተቀየረ በኋላ ግን አይንህን ከፍተህ አንብበው፣ ቁጥሮችና አራት ነጥቦች ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ሆነው ይወጣሉ። እኔ ኮምፒውተር ቤት በምሰራበት ጊዜ አንዴ የሙሽራዋ ስም አንድ ፊደሉ ተቀይሮ ሁለት መቶ ካርድ ታትሟል፣ የእናቷን ፊት እስካሁን አልረሳውም።

ለወደፊቱ ከሰው ስትቀበልም ለሰው ስትልክም ፒዲኤፍ ልመድ። ፒዲኤፍ ፎንቱን ራሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚሄደው። ወርዱ ራሱ መሄድ ካለበት ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ገብተህ "ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል" የምትለዋን ራይት አድርጋት፣ የፎንቱ ባለቤት ከከለከለ ግን አትሰራም፣ ስለዚህ ሌላ ቦታ ከፍተህ ሞክረህ ነው ማመን ያለብህ። ባነርህን በኮሬል ሰርተህ ሌላ ማተሚያ ቤት የምትልክ ከሆነ ደግሞ ፅሁፉን ኮንትሮል ኪው ብለህ ወደ ከርቭ ቀይረው፣ በኢሉስትሬተር ኮንትሮል ሺፍት ኦ ነው፣ ፊደሉ ስዕል ስለሚሆን የትም ቢሄድ አይለወጥም። ግን ከርቭ ያልሆነውን ኮፒ አስቀር፣ ደንበኛ "ቀኑ ወደ እሁድ ተቀየረ" የሚለው ሁሌም ከርቭ ካደረግክ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ፎንት ጭነህ ወርድ ላይ እየታየ ኮሬል ላይ የማይታይህ ከሆነ የቅርብ ጊዜ ዊንዶውስ ዝም ብለህ ስትጭነው ላንተ አካውንት ብቻ ነው የሚጭነው፣ አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ እዛ ሄዶ አይፈልግም። ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ "ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ" በለው፣ ፕሮግራሙንም ዘግተህ ክፈተው።

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ የአያቶቻችንን ጌ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ለእንግዳ ማረፊያ አድርገን ዌብሳይት አሰራንለት። በአማርኛ፣ በሐረሪና በእንግሊዝኛ ነው። የሰራልን ልጅ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ነው የመረጠው፣ በኔ ላፕቶፕ በጣም ያምራል፣ የወንድሜ አይፎን ላይ ግን ሌላ ፊደል ነው፣ የእህቴ ላፕቶፕ ላይም እንደዛው። ለልጁ ስነግረው ፎንቱን ከራሱ ዊንዶውስ ላይ ኮፒ አድርጎ ሰርቨሩ ላይ ጫነው፣ አሁን ግማሹ ገፅ ሰራ ግማሹ አልሰራም። አንድ እንግዳችን ደግሞ "ይሄ ስርቆት ነው" አለችን። ዊንዶውሱን ገዝተነዋል እኮ! ማነው ልክ?

መልስ፦ እንግዳዋ ናት ልክ፣ ልጁ ግን ሌባ አይደለም፣ ያልነገሩት ሰው ነው። በየተራ ልሂድ።

መጀመሪያ ልጁ ያደረገው ሲኤስኤስ በሚባለው፣ የገፁን መልክ በሚወስነው ኮድ ውስጥ "ኒያላ" ብሎ ስሙን መፃፍ ነው። ስም መጥራት ማለት እኮ ነው፣ ብሮውዘሩ እንግዳሽ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ "ኒያላ አለህ?" ይላል፣ ካለ ይጠቀምበታል፣ ከሌለ ያገኘውን ያነሳል። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ2007 የመጣ ነው፣ እኛ ሚሊኒየም በምናከብርበት ሰሞን ማለት ነው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ኢብሪማ የሚባለው ነው አማርኛውን የሚሸከመው፣ ኒያላ እንደ ተጨማሪ ፓኬጅ ተለይቶ ወጥቷል፣ አማርኛ ያልጨመረ ሰው ጋ ላይኖር ይችላል። የእህትሽ ላፕቶፕ ነገር ይሄ ይመስለኛል። አይፎንና ማክ የራሳቸው የአማርኛ ፎንት አላቸው፣ አንድሮይድ ደግሞ ኖቶ የሚባሉትን ፎንቶች ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ አንድ ገፅ አራት ቤት አራት መልክ ቢይዝ አይግረምሽ።

አሁን ስለ ስርቆቱ። ዊንዶውስ ስትገዢ አብሮ በመጣው ፎንት መፃፍ፣ ማተም፣ ብሮሸር መስራት፣ ሎጎም መስራት፣ የሰራሽውንም መሸጥ ትችያለሽ፣ ማንም አይጠይቅሽም። የማትችዪው ፋይሉን ራሱን አንስተሽ ለሌላ ኮምፒውተር ወይ ለሰርቨር መስጠት ነው። ሰርቨር ላይ ስትጭኚው ገፁን የከፈተ ሁሉ ፎንቱ ወደሱ ይወርዳል፣ አከፋፋይ ሆንሽ ማለት ነው። ለዚህ ነው ፎንት ቤቶች የኮምፒውተር ፈቃድ፣ የዌብ ፈቃድ፣ የአፕ ፈቃድ እያሉ ለየብቻ የሚሸጡት፣ የዌቡን ደግሞ ብዙዎቹ ገፁ በወር ስንቴ እንደተከፈተ ቆጥረው ነው ዋጋ የሚያወጡለት። ቤት ተከራየሽ ማለት ሰገነቱን ለሌላ ማከራየት ትችያለሽ ማለት እንዳልሆነ ማለት ነው፣ እናንተ እንግዳ ማረፊያ ስላላችሁ ይሄ ይገባሻል።

ደስ የሚለው ነገር ለዚህ ገንዘብ ማውጣት የለብሽም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ሶስቱም "ኦፕን ፎንት ላይሰንስ" በሚባለው ፈቃድ ነው የወጡት። ይሄ ፈቃድ ለንግድም ተጠቀሚበት፣ ሰርቨርሽ ላይ ጫኚው፣ ለጓደኛሽ ስጪው፣ ብትፈልጊ ከፍተሽ አስተካክዪው ይላል። ሁለት ሶስት ነገር ነው የሚጠይቅሽ፦ ፎንቱን ለብቻው አውጥተሽ አትሽጪ፣ የፈቃዱን ፅሁፍ ከፎንቱ ጋር አብረሽ አስቀምጪ፣ ቀይረሽው ካወጣሽና ባለቤቱ ስሙን ካስጠበቀ ደግሞ ሌላ ስም ስጪው። በፎንቱ የፃፍሽው ነገር ግን ያንቺ ነው፣ ፈቃዱ እሱን አይነካም።

ለናንተ ቤት ብጠየቅ አቢሲኒካን ነው የምመርጠው፣ የብራና እጅ ፅሁፍ ወዝ አለው፣ ለጀጎል ግንብ ይሄዳል። ችግሩ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ልጁ ርዕሱን ቦልድ ሲያደርገው ብሮውዘሩ እውነተኛ ቦልድ ስለማያገኝ ያንኑ ፊደል ዳር ዳሩን አደልቦ ያወጣዋል፣ የላቲን ፊደል ይሄን ትንሽ ይችለዋል፣ የኛ ግን እነ "ጨ" እነ "ጭ" እግራቸው ተጣብቆ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ስለዚህ ወይ ርዕሱን በኖቶ ሰሪፍ አድርጉት፣ እሱ ከቀጭን እስከ ወፍራም ሁሉም አለው፣ ወይ ቦልዱን ትታችሁ መጠኑን ብቻ ከፍ አድርጉት።

ግማሹ ገፅ የሰራው ግማሹ ያልሰራው ለምን ይመስልሻል? ሳላየው መማል አልችልም ግን አንዱን ሊንክ በሶስት ደብሊው፣ ሌላውን ያለሱ ነው የምትከፍቱት ብዬ እጠረጥራለሁ። ላንቺ አንድ ሳይት ነው፣ ለብሮውዘሩ ግን ሁለት የተለያየ ቤት ነው፣ ፎንት ደግሞ ከሌላ ቤት ሲመጣ ያኛው ቤት ፈቅጃለሁ ካላለ ብሮውዘሩ አያስገባም፣ ፎቶ ግን ያስገባል፣ ለዚህ ነው ፎቶው እየታየ ፊደሉ የሚቀየረው። ልጁ ኤፍ 12 ተጭኖ ኮንሶል ላይ ቀይ ፅሁፍ ካየ መልሱ እዛው ተፅፎለታል። ሁሉንም ወደ አንዱ አድራሻ እንዲመልሰው ንገሪው።

ሌላው፣ ፎንቱን በዎፍ ቱ ፎርማት ይጫነው፣ ተጨምቆ ስለሚቀመጥ ክብደቱ በደንብ ይቀንሳል፣ የኛ ፊደል ብዙ ስለሆነ ፎንቱም ከባድ ነው። ኔትወርክ ሲዳከም ደግሞ ፎንቱ እስኪደርስ ገፁ ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቅ "ስዋፕ" የምትባለዋን ትእዛዝ ይጨምርበት፣ መጀመሪያ በስልኩ ፊደል ይታይና ሲደርስ ይቀየራል። ሐረሪውን ግን ሳትሞክሩ አትልቀቁት፣ የምትጠቀሙባቸውን ፊደላት በሙሉ አንድ ገፅ ላይ ደርድራችሁ በሶስት አራት ስልክ ክፈቱት፣ ከመሀል አንዷ ፊደል ሌላ መልክ ይዛ ከታየች ያቺ ፊደል ፎንቱ ውስጥ የለችም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ግራፊክስ ጀማሪ ነኝ። ለአንድ ዳቦ ቤት ሎጎ ሰራሁ፣ ፎንቱን ከቴሌግራም ነው ያወረድኩት፣ በኋላ ሳየው "ለግል ጥቅም ብቻ ነፃ" ይላል። ሰውየው አሁን ከረጢት ላይ ሊያሳትመው ነው፣ ጭራሽ "ፎንቱንም ላክልኝ፣ ሜኑዬን በሱ ነው የምፅፈው" አለኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ልላክለት?

መልስ፦ አትላክለት። ዳቦ ሊሸጥበት ነው አይደል? እሱ ግል አይደለም፣ ንግድ ነው። ባለቤቱን ፈልገህ የንግድ ፈቃዱን ግዛና ዋጋውን ሎጎው ላይ ጨምርበት፣ ዳቦ ቤቱ ሜኑውንም በሱ ልፃፍ ካለ የራሱን ፈቃድ ይግዛ። ሎጎውን ግን ከርቭ አድርገህ ነው የምትሰጠው፣ ፎንቱን መላክ አያስፈልግም። ባለቤቱ ካልተገኘ ሎጎውን በሌላ ፎንት ቀይረው፣ ከረጢቱ ሳይታተም ቢሆን ይሻላል፣ አሁኑኑ ደውልለት።

"ማን ይጠይቀኛል" ላልከው፣ አገራችን የቅጂ መብት አዋጅ አላት፣ ቁጥር 410/1996 ነው፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምም በውስጡ ተጠብቋል፣ ስለዚህ ህግ የለም ብለህ አትጀምር። እኔን ግን ከህጉ በላይ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ፈረንጅ ፎንት ሲሰራ 26 ፊደል በትልቁም በትንሹም 52 ይስላል፣ ቁጥርና ምልክት ይጨምራል። የኛ ሰው 33ቱን በሰባት ብቻ 231 ይስላል፣ ዲቃላው ቁጥሩ ነጥቡ ሲጨመር ከ300 ያልፋል፣ ሁሉም አንድ እጅ የፃፈው መምሰል አለበት፣ "ሀ"ና "ሃ" እንዳይምታቱ፣ "ጸ"ና "ጿ" እንዲመጣጠኑ ወራት ይፈጅበታል፣ ያን ሁሉ ለፍቶ ባወጣው በማግስቱ "300 የአማርኛ ፎንት በአንድ ፎልደር" ተብሎ ግሩፕ ላይ ይለቀቃል። ከዛ "ለምን አዲስ አሪፍ የአማርኛ ፎንት የለም" እንላለን፣ በርጫ ላይ ሁሌ የሚነሳ ወሬ ነው። እኔም በጊዜዬ ፍላሽ ሞልቼ ዞሬያለሁ፣ ንፁህ ነኝ ብዬ አይደለም የምነግርህ።

የወረደ ፎንት የማን እንደሆነ ለማወቅ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ፣ የባለቤቱ ስምና ሰነድ ውስጥ መክተት መፈቀዱ እዛ ተፅፎ ታገኛለህ፣ ባዶ ከሆነ ተጠራጠር። የፋይሉን ስም መቀየርም ምንም ዋጋ የለውም፣ እውነተኛው ስም ውስጡ ነው ያለው፣ እንደውም አንድ ፎንት በሁለት ስም ሁለቴ ጭነህ ሲጋጭብህ "ኮምፒውተሬ ቫይረስ ገባው" ትላለህ።

ጥያቄ፦ ወርድ ላይ አማርኛ ስፅፍ የፊደሉ ራስ ተቆርጦ ይታያል፣ ፕሪንት ሳደርገውም እንደዛው። ፎንቱ ነው?

መልስ፦ የመስመር ክፍተቱ ነው። ፓራግራፍ ውስጥ ገብተሽ ላይን ስፔሲንግ "ኤግዛክትሊ" ላይ ከሆነ ወይ ቁጥሩን ከፍ አድርጊው ወይ ወደ "ሲንግል" መልሺው። ለእንግሊዝኛ የተለካ ሰነድ ላይ አማርኛ ስትለጥፊ ነው ይሄ የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ለሱቃችን ታፔላ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሱማሌኛ አሰርተን ሶስቱም ከሶስት ሰፈር የመጡ ይመስላሉ፣ ኦሮምኛው ውስጥ ያለችው ጭረት ደግሞ ብቻዋን ወፍራ ወጣች።

መልስ፦ የድሬ ታፔላ ሁሉ ችግር! ሰሪው ለአማርኛው አንድ ፎንት ለላቲኑ ሌላ ያገኘውን ነው ያነሳው። ፊደሉንም ላቲኑንም አንድ ላይ የያዘ ፎንት ተጠቀሙ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ላቲንም አለው፣ ውፍረታቸው ይመጣጠናል። ጭረቷ ሁዻ የምትባለው የኦሮምኛ ምልክት ናት፣ የመረጣችሁት ጌጠኛ ፎንት ውስጥ የተጠማዘዘችዋ ጭረት ስለሌለች ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ተበደራት፣ ሱማሌኛውም ውስጥ ያቺው ጭረት ስላለች እሷንም እዩዋት። ቀጥ ያለችዋን ጭረት አስገብታችሁ ሞክሩ፣ እሷም ከሌለች ፎንቱ ለዚህ ስራ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ አራት ነጥብ ላይ ሁለቴ ኮለን ነው የሚመታው፣ ልዩነት አለው እንዴ? ያው አይደል የሚመስለው?

መልስ፦ ለአይን ያው ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ኮለን ነው። ፎንት ስትቀዪሪ ተራርቀው ሊቆሙ ይችላሉ። ሪፕሌስ ውስጥ ገብተሽ ሁለቱን ኮለን በአንዱ አራት ነጥብ ቀይሪና "ሪፕሌስ ኦል" በይው፣ ጓደኛሽ ሳያይሽ።